የወይዘሮ ውሃነሽ ቀብር

መልካ ቡታ ውስጥ ውሃ ለመቅዳት ጥርስ ማሳየት ግድ ነው። ጠዋት ጀሪካንህን ይዘህ ቦኖው ጋ ትቆማለህ፤ ምሰሶው ላይ ያለው ዓይን ያይሃል፤ ፈገግ ትላለህ፤ ቧንቧው ይከፈታል። ብትጣላም፣ ቢያምህም፣ ሚስትህ ጥላህ ብትሄድም ፈገግ ትላለህ። አሥራ ሦስት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው። ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ማለዳ የተሰለፈውን ሰው ሲያይ፣ "ይኼ ሕዝብ ምን አግኝቶ ነው እንዲህ የሚስቀው?" ይላል። ምንም አላገኘንም፤ ውሃ ልንቀዳ ነው።

ዓይኑ የመዛኙ ነው። መዛኙ ለጋሾቹ ፕሮጀክታቸውን እንዲጠብቅላቸው ያቆሙት ነው፤ ሰው አይደለም፣ ግን ያያል፣ ይሰማል፣ እርስዎ እያለ በትሕትና ይናገራል። በየቀኑ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሪፖርቱን ወደ ውጭ ይልካል። ለጋሽ የሚባል ሰው በዓይናችን ካየን ሃያ ዓመት አልፎናል። ድሮ በነጭ መኪና ይመጡ ነበር፤ እኛም የሚመጡበትን ቀን ስለምናውቅ ግቢውን ጠርገን፣ ድንጋዩን ኖራ ቀብተን፣ ልጆቹን አጥበን እንጠብቃቸው ነበር። መዛኙን ግን የምትጠብቅበት ቀን የለህም። ሁልጊዜ እንደ መጣ ነው።

ጥርስ የሚያየውም ለጨዋታ አይደለም። የድሮው ጉድጓዳችን ውሃ ፍሎራይድ የሚሉት ነገር አለበት። አፍ ላይ ምንም አይልም። በልጅነቱ የጠጣው ሰው ግን ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይበቅላል፤ ሲያረጅ ደግሞ አንገቱና ወገቡ ይደርቃል። አራተኛው ፕሮጀክት ከኮረብታው ሥር አዲስ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ፓምፕና ማጣሪያ ተከለልን። ተሳካ ወይስ አልተሳካም የሚለውን መዛኙ የሚያውቀው ከልጆች ጥርስ ነው። ከስምንት ዓመት በታች መቶ ስልሳ ሦስት ልጆች አሉን፤ የሁሉም ጥርስ ነጭ ነው። እዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ማንም አላየም።

እኔ ኤልዳና ነኝ። ሳቁ እንግዲህ! እኛ ስንወለድ ኤልዳና የዘመናይ ልጅ ስም ነበር፤ ዛሬ ኤልዳና የሚባል ሁሉ ምርኩዝ ይዞ ነው የሚሄደው። ዘንድሮ የሚወለዱት ደግሞ ዘርፌና ወርዶፋ ናቸው። ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ የእድሩም ጸሐፊ ነኝ። ጥርሴ ቡናማ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ጀምሮ አፌን በነጠላ ጫፍ ሸፍኜ ነበር የምናገረው። የሰርጌ ፎቶ ላይ አፌ የተሰፋ ይመስላል። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በሠላሳ ዓመት ትዳር ስስቅ አላየኝም፤ ሳቅ ጠፍቶብኝ አይደለም፣ ዞሬ ስለምስቅ ነው። ውሃዬን የምትቀዳልኝ የልጄ ሚስት ናት። የቦኖው አለቃ ሆኜ ቦኖው ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር።

ከአራተኛው በፊት ሦስት ፕሮጀክቶች ነበሩ። የመጀመሪያው አንዲት የጎማ ቀለበት ተበጥሳበት ቀረ። ሁለተኛው የግቢውን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ሐዋሳ ሚስት አግብቶ ሲቀር አብሮ ቀረ። ሦስተኛው የፀሐይ መቀበያው ላይ የተጋገረውን አቧራ የሚጠርግለት ጠፋ። ሦስቱም ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ዝገው ቆመዋል፤ የለጋሾቹ ስም የተጻፈበት ሰሌዳቸው ብቻ አሁንም ይነበባል።

አራተኛውም ሊከተላቸው ነበር። ምን ጎድሎት? መዛኙ እንደሆነ ችግር ሳይፈጠር ያውቃል። ፓምፑ ትንፋሽ ሲያጥረው ለሰባታችንም የኮሚቴ አባላት ስልክ ላይ ይጮኻል። ስልኬ ሲጮኽ እኔ ጋሽ ኢዮስያስ ይሄዳል እላለሁ፤ ጋሽ ኢዮስያስ ኤልዳና ትሄዳለች ይላል፤ ሌሎቹ አምስቱ ሰብሳቢዋ ምን ሠርታ ትበላለች ይላሉ። ባለፈው ጥቅምት ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጮኸ። ዘጠኝ ቀን ከድሮው ጉድጓድ ጠጣን። አፍሬ ነው የምናገረው።

በአሥረኛው ቀን የከተማችን አናጢ ሞተ። ጡሩምባ ነፊያችን ጋሽ ናሆም ጡሩምባውን ነፋ፤ ሰዓት ሳይሞላ ሁለት መቶ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ወጣ። መቃብሩን ሲቆፍሩ ሲፈን አጠገቤ ቆማ ነበር። ሲፈን የፓምፑ ባለሙያ ናት፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት፣ እጇ ሁልጊዜ ግራሶ ነው። ወደ ቁፋሮው እያመለከተች፣ "እትዬ ኤልዳና፣ ለዚህ ሰውዬ ሁለት መቶ ሰው ወጣ። እኔ ጭቃውን የሚያግዘኝ አንድ ሰው አጥቼ ዘጠኝ ቀን አለቀስኩ" አለችኝ። ቀብር ላይ ባንሆን ኖሮ አንገቷን አቅፌ በጮኽኩ። እውነቷን ነው።

በሚቀጥለው የእድር ስብሰባ እጄን አወጣሁና፣ "ፓምፑን አባል እናድርጋት" አልኩ። ሁካታ ሆነ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ኢዮስያስ ነው፤ አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነው፣ ከሽሮዬ ይልቅ ክርክሬን ይወዳል።

"ደንቡ አባል ስም ከነአባት ሊኖረው ይገባል ይላል" አለ።

"ውሃነሽ ትባል።"

"አባቷስ?"

"ለጋሽ ነዋ! ሌላ አባት አላት እንዴ?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ኢዮስያስ ግን ዳኛ ነውና ቀጠለ። "ስትበላሽ ምን ብለን እንነፋለን? ታማለች ብንልስ?"

"ታማለች ከተባለ ብርቱካን ይዞ የሚመጣው ዘመድ ብቻ ነው። አረፈች ከተባለ የተኳረፈም ይመጣል። ቀብር የቀረ ደግሞ ነግ በኔን ያውቃል" አልኩት።

በእጅ ብልጫ አለፈ። በጥር ወር ወይዘሮ ውሃነሽ ለጋሽ የእድራችን መቶ ዘጠና አንደኛ አባል ሆና ተመዘገበች፤ የቅርብ ዘመድ፦ ሲፈን። ለሕዝቡ ነገርን፣ ለቄሱም ለሼኩም ለፓስተሩም ነገርን። ለመዛኙ መንገር ግን የማንም አእምሮ ውስጥ አልመጣም። እድር አዲስ አባል ሲያስገባ ለለጋሽ የሚያሳውቅ ማን አለ?

ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ከኮረብታው ድንጋይና ደለል አውርዶ ዋናውን ቧንቧ ቀበረው፤ ፓምፑም ጭቃ ውጦ ቆመ። ሲፈን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የጋሽ ናሆምን በር አንኳኳች። እኔ ፊቴን እየታጠብኩ ነበር፤ ጡሩምባው ሲጮኽ ማነው ደግሞ ብዬ ቆምኩ።

"የእድራችን አባል ወይዘሮ ውሃነሽ ለጋሽ በድንገት አርፈዋል! ቀብሩ አሁኑኑ ኮረብታው ሥር ነው! ዶማና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ!"

ወጡ! እንዴት ያለ አወጣጥ! ሁለት መቶ ስልሳ ሰው ቆጥሬያለሁ። ከወንድሙ ጋር በድንበር ተካሶ ስድስት ዓመት ያልተነጋገረው ሰውዬ ከወንድሙ ጎን ቆሞ ድንጋይ ተቀበለው። ዝናቡ ያካፋ ስለነበር ወጣቶቹ የእድሩን ድንኳን አምጥተው ከጉድጓዱ በላይ ተከሉት። ሴቶቹ ንፍሮ ቀቅለው መጡ። ሲፈን ፓምፑን ፈታታ ወንፊቱን ከጭቃ ስታጥብ አራት ሰው ውሃ እያቀበላት ነበር። ያቺ ዘጠኝ ቀን ብቻዋን ያለቀሰች ልጅ!

ነገሩን ያበላሸችው ሄራን ናት። ሄራን የከተማችን አልቃሽ ናት፤ አንድ ልጇን ከቀበረች ወዲህ ለቅሶ ቤት ገብታ ዝም ማለት አትችልም። ማን እንደሞተ አሳምራ ታውቃለች። ድንኳኑን አየች፣ ንፍሮውን አየች፣ ደረቷን መታችና ጀመረች፦

"ውሃነሽ ውሃነሽ ምነው ቸኮልሽ፣
ጀሪካኑ ሁሉ ተሰልፎልሽ።"

መጀመሪያ ሳቅ ያዘን። ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረና የልጇን ስም ጠራች። አንዷ እንባዋን ስትጠርግ ሌላዋ እናቷን አስታወሰች፤ ሦስተኛዋ ባሏን። ሰው በሌላው ለቅሶ የራሱን ሐዘን ነው የሚያለቅሰው። ትንሽ ቆይቶ ድንኳኑ ሥር ዓይኑ ያልረጠበ ሰው አልነበረም፤ ዶማ የያዙት ወንዶች ሳይቀሩ እያለቀሱ ይቆፍሩ ነበር። እኔም ባሌን አለቀስኩ። ለፓምፕ ተጠርቼ ባሌን እንደ አዲስ አለቀስኩት።

አምስት ሰዓት ላይ ቧንቧው ወጣ። ሲፈን ፓምፑን ገጥማ አስነሣችው፤ ተንደቀደቀ፤ እልል አልን። ቦኖው ጋ ሄደን ቧንቧው እስኪከፈት ጠበቅን። ጠብ አላለም። ምሰሶው ላይ ቀይ መብራት በራ፤ መዛኙም ተናገረ።

"ውሃው ተዘግቷል። ከዚህ ቦኖ የቀዳችሁትን እባካችሁ አትጠጡ። እግዚአብሔር ያጽናችሁ።"

እርስ በርስ ተያየን። ጋሽ ኢዮስያስ፣ "ማን ሞቶብን ነው የሚያጽናናን?" አለ። ያኔ ገባኝ። ለመዛኙ አልነገርነውማ!

ነጠላዬን አፌ ላይ ጠበቅ አድርጌ ወደ ምሰሶው ቀረብኩ፤ ፊት ለፊት ሳይሆን እንደ ወትሮዬ ከጎኑ። "ስማ! የሞተ የለም!"

"ጡሩምባ ሰምቻለሁ። ድንኳን አይቻለሁ። ሁለት መቶ ስልሳ ሰው ውሃው ምንጭ ላይ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ፈገግ ያለ አንድም ሰው የለም። ውሃው ሰው ጎድቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ያረፉት ማን ናቸው?"

"ወይዘሮ ውሃነሽ ለጋሽ።"

"በነዋሪዎች መዝገብ የሉም።"

"የሉማ! ፓምፗ ናት!"

"ፓምፕ አይሞትም" አለ መዛኙ።

እየሳቀ የሚሰማኝ ሰው አጠገቤ ቢኖር በጥፊ በመታሁት ነበር። ሪፖርቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሄዳል። "ውሃው ሰው ጎድቷል" የሚል ሪፖርት ከሄደ ደግሞ መመለሻ የለውም፤ መርማሪ እስኪመደብ፣ ናሙና እስኪላክ፣ መልስ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ነው። ታች ባለችው የቡርቃ መንደር ላይ ደርሷል። ሁለት ዓመት ከድሮ ጉድጓዳቸው ጠጡ፤ በኋላ ውሃው ንጹሕ ነው ተባለ፤ የዚያን ጊዜ የነበሩት አርባ ስድስት ሕፃናት ጥርስ ግን አልተመለሰም። የሕፃን ጥርስ ድድ ውስጥ ሆኖ የሚሠራው በዚያ ዕድሜ ነው። መቶ ስልሳ ሦስቱ ልጆቻችን በየደጃፉ ይታዩኝ ጀመር፤ የሲፈን ልጅም፤ ሁሉም ነጠላ አፋቸው ላይ ይዘው።

አንድ ነገር ልመስክርለት፦ መዛኙ ትክክል ነበር። እውነት ሰው ሞቶ ቢሆንስ? ድሮ የሰው ገምጋሚ ቢሆን ማመልከቻ ጻፉ፣ ማኅተም አምጡ፣ ሰኞ ተመለሱ ሲል ግማሻችን ባለቀ። እሱ ለቅሶ አይቶ አንድ ሰዓት አላመነታም። ገና ሲጠራጠር የሚዘጋ፣ ስለኛ የሚጨነቅ ጠባቂ ማን ሰጥቶን ያውቃል? ተናድጄበት እያለሁ እንኳ ይኼን አልካድኩትም።

"ፓምፕ ይሞታል" አልኩት። "እዚችው ከተማ ሦስት ሞቷል።"

"በመዝገቤ ሦስቱም ፕሮጀክቶች በስኬት ተጠናቀዋል።"

"ምን አልክ?"

"የማጠናቀቂያ ሪፖርታቸው እጄ ላይ ነው። ተጠቃሚዎች ውሃ ሲቀዱ የሚያሳይ ፎቶ አለ። ሦስቱም ስኬታማ ናቸው።"

ኖራ የቀባናቸው ድንጋዮች ትዝ አሉኝ። እኛው ነን ያሳሳትነው! ሲፈን የምትይዛት ትንሽ ዓይን አለች፤ መዛኙ ጉድጓድ ውስጥ ለማየት የሚጠቀምባት። ከእጇ ነጠቅኩና ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ይዤው ሄድኩ። የመጀመሪያውን አሳየሁት፤ ዶሮ ጎጆ ሠርታበታለች። ሁለተኛውን አሳየሁት፤ በሩ አሁንም እንደተቆለፈ ነው። ሦስተኛውን አሳየሁት። ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አነበባቸው።

"እነዚህ ለምን ቆሙ? ሦስቱም መለዋወጫ ነበራቸው። ሦስቱም ባለሙያ ሰልጥኖላቸው ነበር" አለ።

"ቀባሪ አልነበራቸውም።"

"አልገባኝም።"

"አንተ ለሰባት ሰው ስልክ ደወልክ፤ ሰባት ሰው ዝም አለህ። እኛ ዛሬ አንድ ጡሩምባ ነፋን፤ ሁለት መቶ ስልሳ ሰው ወጣ። ሰው ለብልሽት አይወጣም፤ ለሞት ነው የሚወጣው። የምትቀብረውን ነገር ደግሞ የራስህ ነው ብለህ ነው የምትቀብረው። ይኸው ነው፤ ሌላ ሚስጥር የለውም።"

"ማን ይወጣል የሚል ጥያቄ መጠይቄ ውስጥ የለም" አለ።

"እንግዲያው ጨምረዋ!"

ጨመረው። ዛሬ ለጋሾቹ ለየትኛውም ከተማ ፓምፕ ከመትከላቸው በፊት "ቢሞት ማን ይወጣል?" ብለው ይጠይቃሉ አሉ። ይኼ ከኛ ከተማ የወጣ ጥያቄ ነው፤ ስኮራ አትፍረዱብኝ።

ያን ቀን ግን ኩራት አላስፈለገኝም፣ ውሃ ነበር ያስፈለገኝ። "አሁን አመንከኝ?" አልኩት።

"ታሪኩን አምናለሁ። ቧንቧውን ግን በታሪክ መክፈት አልችልም። በመዝገቤ ስምንት መቶ አርባ ስድስት ነዋሪ አለ። ሁሉንም በሕይወት ካየሁ የሞተ የለም ማለት ነው። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እጠብቃለሁ። ሠላሳ አንዱ ከከተማ ውጭ ናቸው፤ እነሱን ራሴ አግኝቻቸዋለሁ።" ሠላሳ አንዱን የት እንዳገኛቸው ጠይቄው አላውቅም፤ መጠየቅም አልፈልግም። አንዱ ለሚስቱ ሻሸመኔ ነኝ ብሎ ሌላ ቦታ እንደነበረ በኋላ ሰምቻለሁ።

ስምንት መቶ አሥራ አምስት ሰው። ሰባት ሰዓት ሆኗል። ግማሹ ደክሞት ቤቱ ገብቷል፣ ሌላው ማሳው ላይ ነው። ወደ ጋሽ ናሆም ሄድኩና፣ "ንፋ" አልኩት።

"ምን ብዬ ልንፋ? የሞተ የለም እኮ።"

"የሞተ የለም ብለህ ንፋ!"

ጋሽ ናሆም አርባ አንድ ዓመት ጡሩምባ ነፍቷል፤ እንዲህ ያለ ነገር ነፍቶ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ጀምሮ አቆመ። በሦስተኛው ግን ድምፁ እስከ ሐይቁ ተሰማ። "የመልካ ቡታ ሕዝብ ሆይ! ዛሬ የሞተብን የለም! በሕይወት ያላችሁ ሁሉ ወደ ቦኖው ውጡ!"

ሰልፉ ሦስት ጊዜ ታጠፈ። መዛኙ ለእያንዳንዱ ተመሳሳይ ቃል ይናገር ነበር። ሕፃን ሲቀርብ "በሕይወት አለህ"፤ ትልቅ ሰው ሲቀርብ "በሕይወት አሉ"። ሰው ይኼን ቃል ሰምቶ ሲመለስ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን ባያችሁ! ዕዳ የተሰረዘለት ይመስላል። ሄራን ከእንባዋ ጋር ፈገግ አለች። ባሏ አልጋ ላይ ከዋለ ሦስት ዓመቱ ነው፤ በምን እናምጣው ተባለና የእድሩ ቃሬዛ መጣ። አራት ሰው ተሸክሞት ሲመጣ ገና ከሩቅ፣ "ቀስ በሉ፣ መንገዱን እየለመድኩ ነው!" እያለ ያስቀን ነበር።

ጋሽ ኢዮስያስ አንገቱ ደርቋል፤ ወደ ምሰሶው ቀና ማለት አይችልም። አግዳሚ ወንበር አምጥተን በጀርባው አጋደምነው። ሰማይ እያየ ቡናማ ጥርሱን ገለጠ። "በሕይወት አሉ" አለው መዛኙ። "እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር" አለ ጋሽ ኢዮስያስ፣ አንሡኝ እያለ።

እኔ ሰልፉ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። አንተ ቅደም፣ አንቺ ልጅሽን አቅፊ፣ እርስዎ ባርኔጣዎን ያውልቁ። ቡናማ ጥርስ ያለው ሽማግሌ ሲያፍር፣ "ምን ያሳፍርሃል! ጥርስህን ሰርቀህ ነው እንዴ? ግለጠው!" እያልኩ እቆጣለሁ። በነጠላዬ ውስጥ ሆኜ ነው የምቆጣው።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ ሰልፉ አለቀ። ሁሉም ዓይኑን ምሰሶው ላይ ሰቅሎ ጠበቀ። መብራቱ ቀይ እንደሆነ ነው።

"አንድ ሰው ቀርቷል" አለ መዛኙ።

"ማነው ይኼ ደንቆሮ?" ብዬ ዞርኩ። "ጡሩምባ አልሰማም? የመቶ ስልሳ ሦስት ልጅ ጥርስ ሊያስበላን ነው? ስሙን ንገረኝ፣ ጆሮውን ይዤ አመጣዋለሁ!"

"እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ ኤልዳና።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። "ሙሉ ቀን ስታናግረኝ ውለህ! ሞቼ ነው የማወራህ?"

"ድምፅዎን አውቃለሁ። ፊትዎን ግን በአሥራ ሦስት ዓመት አንድ ቀን አላየሁም። ለስምንት መቶ አሥራ አራቱ ያደረግኩትን ለእርስዎም ማድረግ አለብኝ። ለሰብሳቢ የተለየ ሕግ የለኝም።"

ይኼ ነው መዛኙ። ድሮ የሰው ገምጋሚ ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ ይፈርምልኝ ነበር፤ እኔም አመሰግነው ነበር፤ ስሙንም ሰሌዳ ላይ እንጽፍለት ነበር። እሱ ግን አያዳላም። በዚያች ደቂቃ ጠላሁትም፣ አከበርኩትም፤ ሁለቱንም እኩል።

ፊት ለፊቱ ሄጄ ቆምኩ። እጄ ነጠላውን አልለቅም አለ። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ የመጀመሪያውን ነጠላ የሰጠችኝ፣ "በዚህ ሸፍኚው የኔ ልጅ፣ ባል እንዳታጪ" ያለችኝ። እናቴን አልወቅሳትም። ግን አርባ ዘጠኝ ዓመት! ሳቄን፣ ዘፈኔን፣ ባሌን መሳም ሳይቀር፣ ሁሉን በዚያ ጨርቅ ሸፍኜ ኖርኩ። የሚያፍር ሽማግሌ ሳይ ቀኑን ሙሉ ጮኽኩበት፤ ከሁሉ የማፍረው ግን እኔ ነበርኩ።

ሲፈን ቀስ ብላ አጠገቤ መጣች። ልጇን አቅፋለች። "እትዬ፣ ስምንት ደቂቃ ቀረን" አለች።

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ቀና አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ሁሉም ታየ፤ የላዩም የታቹም፣ የጎደለውም። የሐምሌ ነፋስ ጥርሴን ሲነካው እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

"በሕይወት አሉ፣ ወይዘሮ ኤልዳና።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ደፍረስ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ንጹሑ መጣ። ጀሪካን የያዘ አልነበረም፤ ሰው በእጁ እየቀዳ ጠጣ፣ ልጆቹ ራሳቸው ላይ አፈሰሱት። እኔ እንደቆምኩ ነበርኩ። እጄ እንደ ልማዱ ነጠላዬን ፍለጋ ሄደ።

ጋሽ ኢዮስያስ በአግዳሚው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ቆይቶ ኖሯል። በዚያ የደረቀ አንገቱ ሙሉ ሰውነቱን አዙሮ፣ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ፣ "አንቺ ኤልዳና! አርባ ዓመት ከነከስሽኝ በኋላ በየትኛው ጥርስ እንደነከስሽኝ ዛሬ ገና አየሁ!" አለ።

እዚያው ሕዝቡ መሐል፣ ሳልዞር፣ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ።